ካርታው በሻጩ ስም ሳለ፦ የኮንትራክት ፎር ዲድ ዕዳን ቀድሞ ስለ መዝጋት

ሚኒሶታ ውስጥ ቤት ከገዙ የአገራችን ሰዎች መካከል የባንክ ደጃፍ ሳይረግጡ በቀጥታ ከሻጩ ጋር ተዋውለው የገዙ ጥቂት አይደሉም፤ እኔና ባለቤቴም ከእነርሱ መካከል ነበርን። ውሉ በዚህ ግዛት ኮንትራክት ፎር ዲድ፣ በሚሺጋን ደግሞ ላንድ ኮንትራክት ይባላል። ገዢው ቅድሚያ ክፍያ ሰጥቶ ቁልፉን ይረከባል፤ የንብረት ግብሩንና ኢንሹራንሱን ይከፍላል፤ ጣሪያው ቢያፈስ ያስጠግናል፤ ቀሪውን ዋጋ ደግሞ ከነወለዱ በየወሩ ለሻጩ ለራሱ ይከፍላል። ዲዱ፣ ማለትም እኛ ካርታ የምንለው የባለቤትነት ሰነድ፣ የመጨረሻዋ ሳንቲም እስክትከፈል ድረስ በሻጩ ስም ይቆያል። ሕጉ ለገዢው በንብረቱ ላይ መብት የሚሰጠው ቢሆንም ያ መብት የቆመው ውሉ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

እኛ የውሉ ዘመን ከማለቁ በፊት ዕዳውን ዘግተን ቤቱን በስማችን አዙረናል። ይህን የሰሙ ወዳጆቻችን ደስታቸውን ከገለጹ በኋላ የሚያስከትሉት ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ስንት ወለድ ዳነላችሁ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በዚህ ዓይነት ውል ቀድሞ መክፈልን በወለድ ብቻ የሚመዝን ሰው ዋናውን ነገር እንደሚስት ስላመንሁ፣ የተማርሁትን በዝርዝር ለመጻፍ ወሰንሁ።

ወደዚህ ውል የገባነው ሌላው በር ስለተዘጋብን ነው። የራሴን የጭነት መኪና እየነዳሁ የምሠራ ሰው ነኝ። ለራሱ የሚሠራ ሰው ብድር ሲጠይቅ አበዳሪው የሁለት ዓመት የግብር ሰነድ አይቶ የሚቆጥረው ወጪው ሁሉ ተቀንሶ በመጨረሻ የቀረውን ገቢ ነው፤ ነዳጅ፣ ጎማ፣ ጥገናና ኢንሹራንስ ሲቀነሱ ደግሞ በወረቀት ላይ የሚቀረው ገቢ በኪስ ከሚታየው በእጅጉ ያንሳል። ገና የመጣ ሰው የክሬዲት ታሪክ የለውም። በሃይማኖቱ ምክንያት ወለድ ያለበት ብድር የማይበደር ሙስሊም ወንድማችን ደግሞ ገቢው ቢሞላለትም የተለመደው ሞርጌጅ፣ ማለትም ቤቱን ዋስትና አድርጎ የሚሰጠው የባንክ ብድር፣ አይሆነውም። ለእነዚህ ሁሉ ክሬዲት ሳይጠይቅ የሚሸጥ ባለቤት መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ቤት በሌለንበት ዘመን ቤት እንድንገባ ያደረገንን ውል ላወግዘው አልነሳም። የእኛ ሻጭ የተከራያቸውን ሰው ሁሉ በስሙ የሚያውቁ አዛውንት ነበሩ፤ አንድም ቀን ክፉ አላደረጉብንም።

ወለዱን በቁጥር እንየው። የእኛን ሒሳብ ከመዘርዘር ይልቅ ለዚህ አካባቢ እንግዳ ያልሆነ ምሳሌ ልውሰድ፦ ዋጋው 240,000 ዶላር፣ ቅድሚያ ክፍያው 40,000፣ ቀሪው 200,000 ዶላር በ8 በመቶ ወለድ፣ ወርሃዊ ክፍያው እንደ 30 ዓመት ብድር የተሰላ፣ ነገር ግን ቀሪው ዕዳ በሙሉ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ በአንድ ጊዜ የሚጠየቅበት ውል። ይህን የመጨረሻ ክፍያ ባሉን ይሉታል። ወርሃዊ ክፍያው 1,467.53 ዶላር ይሆናል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 1,333.33 ዶላሩ ወለድ ነው፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀንሰው 134.20 ዶላር ብቻ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ወር ሳያጓድሉ ሲከፍሉ በድምሩ ወደ 88,000 ዶላር ይወጣል፤ ከዚህ ውስጥ 78,000 ያህሉ ወለድ ሲሆን ዋናው ዕዳ 190,140 ዶላር አካባቢ ሆኖ ይጠብቃል። ያን ጊዜ 190 ሺህ ዶላር በአንድ ቀን የሚያቀርብ ሰው ማነው? ባንክ ካላበደረው ማንም አይደለም።

አሁን ይኸው ሰው በአምስተኛው ዓመት ፋንታ በሦስተኛው መጨረሻ ልዝጋው ቢል ቀሪ ዕዳው 194,560 ዶላር ያህል ነው። ገንዘቡ በእጁ ኖሮ ቢከፍል የሁለቱን ዓመት ወለድ፣ ወደ 30,800 ዶላር፣ ያድናል። ነገር ግን ያን ያህል ገንዘብ በእጁ ያለው ሰው መጀመሪያውኑ ወደዚህ ውል አይገባም ነበር። ስለዚህ በ7 በመቶ ከባንክ ተበድሮ ቢዘጋው በሁለቱ ዓመት ለባንኩ የሚከፍለው ወለድ ወደ 27,000 ዶላር ይደርሳል፤ ትርፉ ከ4,000 ዶላር በታች ነው፤ እሱንም የአበዳሪው፣ የቤት ዋጋ ገማቹና የባለቤትነት መዝገቡን አጣርቶ ስም የማዞሩን ሥራ የሚያስፈጽመው የታይትል ካምፓኒ ክፍያ በአመዛኙ ይበላዋል። ወለድ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንግዲህ ባለህበት ቆይ ብዬ በመከርሁ ነበር።

ያንቀሳቀሰን ሌላ ቁጥር ነው፤ እርሱም 60 ቀን ነው። እኛ በፈረምንበት ጊዜ በነበረው የሚኒሶታ ሕግ መሠረት ገዢው አንድ ክፍያ ቢያሳልፍ ሻጩ የመሰረዣ ማስታወቂያ ይሰጠዋል፤ ማስታወቂያው ከደረሰው ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ውዝፉን፣ ሕጉ ከሚፈቅደው የጠበቃና የማስታወቂያ ወጪ ጋር ካልከፈለ ውሉ ይሰረዛል። ገዢው ራሱ ፍርድ ቤት ሄዶ እገዳ ካላመጣ በስተቀር ዳኛ ነገሩን አያየውም። ጨረታ የለም። ቅድሚያ ክፍያው፣ የየወሩ ክፍያ፣ ለአዲሱ ማሞቂያና ለጣሪያው የወጣው ገንዘብ ሁሉ ለሻጩ ይቀራል። በባንክ ሞርጌጅ የተገዛ ቤት ግን ዕዳው ሲበላሽ በሸሪፍ ጨረታ ይሸጣል፤ ከጨረታው በኋላም ባለቤቱ ቤቱን የሚያስመልስበት አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ይሰጠዋል፤ ጨረታው ከዕዳው በላይ ካወጣ ትርፉ የባለቤቱ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች እኩል ዋጋ ባለው ቤት እየኖሩ፣ እኩል እየከፈሉ፣ በአንድ ወር ሥራ ቢያጡ ዕጣቸው እንዲህ ይለያያል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1934 ጀምሮ የፌዴራል መንግሥት የቤት ብድር ዋስትና ሲሰጥ ጥቁሮች የሚኖሩባቸውን ሠፈሮች ለብድር የማይበቁ ብሎ ስለመደበ፣ በቺካጎ ቤት መግዛት የፈለጉ ጥቁር ቤተሰቦች በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የቀራቸው መንገድ በአብዛኛው ይኸው የኮንትራት ግዢ ነበር። ነጋዴዎች ቤቱን በርካሽ ገዝተው በብዙ እጥፍ ትርፍ ይሸጡላቸው ነበር፤ አንድ ወር ሲያልፋቸው አስወጥተው ለሌላ ይሸጡታል። በ1968 በከተማዋ የሎውንዴል ሠፈር ገዢዎቹ ማኅበር መሥርተው ክፍያ እስከማቆም ታገሉ። የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት በዚያ ዘመን ከቺካጎ ጥቁር ቤተሰቦች በዚህ መንገድ የተወሰደው ሀብት ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ ገምተዋል። በ2022 ደግሞ ፕሮፐብሊካና ሳሃን ጆርናል የተባሉ የዜና ተቋማት እዚሁ ሚኒሶታ ውስጥ በዚህ ውል ቤት የገዙ የሶማሊ ቤተሰቦች የደረሰባቸውን በሰፊው ዘገቡ፤ የግዛቲቱ ምክር ቤትም ቤት እየገዙ በኮንትራት በሚሸጡ ባለሀብቶች ላይ አዳዲስ ግዴታዎችን የሚጥል ሕግ አውጥቶ ከነሐሴ 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ከዚያ ወዲህ የፈረመ ሰው ጥበቃው ከእኛ የተሻለ ሊሆን ስለሚችል ውሉን ይዞ የሕግ ድጋፍ ሰጪዎችን ቢያማክር ይበጀዋል። የቺካጎን ታሪክ ያነበብሁት ውላችንን ከፈረምን በኋላ ነው፤ ሻጫችን ደግ ሰው መሆናቸው ቢያጽናናኝም፣ ወረቀቱ የእርሳቸውን ደግነት እንደማይጠቅስ ግን ልቤ ያውቀው ነበር።

ቀድሞ ስለ መክፈል ብዙ ሰው ያላስተዋለው ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ባለቤቴ ቆጣቢ ናት፤ ትርፍ ገንዘብ ባገኘን ቁጥር «ለምን ከዕዳው ላይ አንጨምርም?» ትለኝ ነበር። እኔም በመጀመሪያ የማስበው እንደ እርሷ ነበር። ከዚያ ውላችንን እንደገና አነበብን። በሚኒሶታ በብዛት የሚሠራበት የውል ቅጽ ገዢው ያለ ቅጣት በሙሉም ሆነ በከፊል ቀድሞ እንዲከፍል ይፈቅዳል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በከፊል የተከፈለው ትርፍ ገንዘብ መጀመሪያ ያለውን ውዝፍና ወለድ ከሸፈነ በኋላ የሚቀነሰው ከመጨረሻዎቹ ክፍያዎች ወደ ኋላ እየተቆጠረ መሆኑን፣ የሚቀጥለውን ወር ክፍያ ቀን እንደማያስተላልፍና መጠኑንም እንደማይቀንስ ይኸው ቅጽ በግልጽ ይናገራል። ትርጉሙ ከባድ ነው። በየወሩ 500 ዶላር እየጨመርህ በሦስት ዓመት 18,000 ዶላር ትርፍ ከፍለህ፣ በሚቀጥለው ወር ታመህ 1,467 ዶላር ብታጣ፣ «ያስቀደምሁትን ቁጠሩልኝ» ማለት አትችልም። ውሉ በዚያው በ60 ቀን ይሰረዛል፤ የምታጣው ገንዘብ ግን ካልጨመረው ሰው በ18,000 ዶላር ይበልጣል።

በሌላ አነጋገር፣ በዚህ ግዛት በዚህ ውል በከፊል ቀድሞ መክፈል የሚያጎድለው ነገር ወለድ ብቻ ነው፤ ገዢው ሊያጣ የሚችለውን ገንዘብ ግን ያበዛል። አንዲት ቀን እንኳ ሳይጨምርለት ድርሻውን ሁሉ በሌላ ሰው ስም በተመዘገበ ቤት ላይ ያከማቻል። ለባንክ ሞርጌጅ የሚሰጠውን ምክር፣ ማለትም ያገኙትን ሁሉ ከዋናው ዕዳ ላይ መጣልን፣ እንዳለ ወደ ኮንትራክት ፎር ዲድ ማምጣት አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በሁሉም ግዛት ግን እንዲህ አይደለም፤ ይህንንም ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ በኮሎምበስ ኦሃዮ ብዙ ወገን አለንና። በኦሃዮ ሕግ ከመጀመሪያው ክፍያ አምስት ዓመት ያለፈው ወይም ከዋጋው 20 በመቶ የከፈለ ገዢ ቤቱ የሚወሰድበት እንደ ባንክ ብድር በፍርድ ቤትና በሽያጭ ብቻ ነው። ከላይ በወሰድሁት ምሳሌ 40,000 ዶላር ቅድሚያ የሰጠ ሰው 48,000 ላይ ሲደርስ መብቱ ይለወጣል ማለት ነው፤ ለእርሱ የጎደለችውን 8,000 ዶላር በፍጥነት ሞልቶ መክፈል ከወለዱ እጅግ የሚበልጥ ዋጋ አለው። በሚሺጋን ደግሞ ከዋጋው ከግማሽ በታች የከፈለ ሰው በውዝፍ ምክንያት ከተፈረደበት በኋላ ቤቱን የሚያድንበት 90 ቀን ሲሰጠው፣ ግማሹንና ከዚያ በላይ የከፈለ ስድስት ወር ያገኛል። የኢንዲያና ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1973 በሰጠው ውሳኔ ብዙ የከፈለን ገዢ ውል እንደ ሞርጌጅ ቆጥሮ ቤቱን እንዲሁ መንጠቅን ከልክሏል። ስለዚህ ቀድሞ መክፈል ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም ብሎ ከመጠየቅ በፊት ቤቱ የቆመበትን ግዛት ሕግ መጠየቅ ይቀድማል። ውሉም መነበብ አለበት፤ ኮመን ሎው በሚባለው፣ ከፍርድ ቤት ውሳኔዎች በመጣው የቆየ ደንብ ውሉ ካልፈቀደ በስተቀር ተበዳሪ ከቀኑ በፊት የመክፈል መብት የለውም፤ አንዳንድ ሻጭም ቀድሞ ለሚከፍል ቅጣት ይጽፋል።

እኛ ከብዙ ውይይት በኋላ የወሰንነው ትርፉን ለሻጩ ሳንሰጥ በስማችን በተለየ ሒሳብ ማስቀመጥን ነበር። ባለቤቴ መጀመሪያ አልተዋጠላትም፤ 8 በመቶ እየከፈልን ገንዘባችንን 4 በመቶ በሚያስገኝ ቁጠባ ማስቀመጥ ኪሳራ መሆኑን በትክክል አስልታ አሳየችኝ። በምሳሌው ብናሰላው በወር 500 ዶላር ለሦስት ዓመት ሲቀመጥ ልዩነቱ ወደ 1,200 ዶላር ነው። ይህን ገንዘብ የዋስትና ዋጋ ብለን ተቀበልነው። ሥራ ቢቆም፣ ሞተር ቢወድቅ፣ ወይም አንዳችን ብንታመም ከአንድ ዓመት ያላነሰ ክፍያ የሚሸፍን ገንዘብ በእጃችን አለ፤ ለሻጩ ከሰጠነው ግን ለዚያ ቀን አይደርስልንም። ዕቁባችንም ረድቶናል። ዕጣ ሲደርሰን ገንዘቡን ወዲያው ባንክ አስገብተን ከዕቁቡ ጸሐፊ የተፈረመ ማስረጃ አስቀመጥን፤ ምክንያቱም አበዳሪ ድንገት የገባ ብዙ ገንዘብ ሲያይ ምንጩን ሊጠይቅ ይችላል፤ ዕቁብን የማያውቅ ሰውም በቃል ሲነገረው አይገባውም።

በዚህ መካከል ሻጫችን ሆስፒታል ገቡ። ልጆቻቸው በሌላ ግዛት ይኖራሉ። አገር ቤት ሳለን ሽማግሌ የሸጠልን መሬት ስሙ ሳይዞር ሽማግሌው ቢያርፍ ምን ዓይነት ጣጣ እንደሚመጣ ያየን ሰዎች ስለሆንን ነገሩን ማንም ሊያስረዳን አላስፈለገም። ሻጩ ሲሞት ውሉ አይፈርስም፤ ወራሾቹም ይገደዱበታል። ነገር ግን ዲዱን የሚፈርመው ሰው በፍርድ ቤት የውርስ ሒደት መሾም ሊኖርበት ነው፤ ወራሾች ከተጣሉ ይዘገያል፤ የባሉኑ ቀን ግን አይዘገይም። እግዚአብሔር ይመስገን አዛውንቱ ተሽሏቸው ወጡ። የጠየቅናቸው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሊጠይቅ የሄደ ሰው በሕመም አልጋ ላይ የዕዳ ነገር አያነሣምና።

ከእርሳቸው ጋር ስንነጋገር ሻጭም የራሱ ችግር እንዳለው ተረዳሁ። በየወሩ የሚገባላቸው ገንዘብ ለጡረታቸው መደጎሚያ ነበር፤ ከእኛ የሚያገኙትን ወለድ ባንክ አይሰጣቸውም። ከዚህም በላይ የአሜሪካ የገቢ ግብር ሕግ ንብረቱን በየጊዜው ክፍያ የሸጠ ሰው ትርፉን ገንዘቡ በገባበት ዓመት እየከፋፈለ እንዲያስታውቅ ይፈቅድለታል፤ ቅጹም 6252 ቁጥር ነው። ቀሪው ዋጋ በአንድ ጊዜ ሲገባ ትርፉ ሁሉ በዚያው ዓመት ግብር ላይ ይወድቃል። ባሉን ያለበት ውል ይህ ቀን መምጣቱ የማይቀር ቢሆንም፣ መቼ እንደሚመጣ ለሻጩ ልዩነት አለው። የሒሳብ ባለሙያቸውን አማከሩና በታኅሣሥ ከመዝጋት ይልቅ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ገብቶ በጥር 2024 እንድንዘጋ ጠየቁ፤ እንዲህ ሲሆን ግብሩን የሚያወራርዱት በተከታዩ ዓመት ሚያዝያ ነው። ለእኛ የጥቂት ሳምንት መዘግየት ነው፤ ለእርሳቸው ግን ለመዘጋጀት አንድ ዓመት ሰጣቸው። ቀድሞ ሊከፍል የሚፈልግ ሰው ሻጩን ሲያነጋግር ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ ሰው በጎ ሐሳብ ሲቀርብለት ያቅማማ እንደሆነ ምክንያቱ ሁልጊዜ ክፋት አይደለም።

ካጠራቀምነው ጨምረን ቀሪውን ከአንድ ክሬዲት ዩኒየን፣ ማለትም ከአባላት የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ ተበደርን። ውሉን ከፈረምን ሦስት ዓመት መቆየታችን ለዚህ ጠቅሞናል። በተለመደው የሞርጌጅ ደንብ መሠረት ውሉ ከተፈረመ 12 ወር ያልሞላው ከሆነ አበዳሪው ነገሩን እንደ አዲስ ግዢ ቆጥሮ ከውሉ ዋጋና ከገማቹ ግምት ያነሰውን ይይዛል፤ ከ12 ወር ካለፈ ግን እንደ ሪፋይናንስ፣ ማለትም የቆየ ዕዳን በአዲስ ብድር እንደ መተካት፣ ስለሚታይ ዛሬ ያለው ግምት ይሠራል፤ ቤቱ ዋጋ ጨምሮ ከሆነ ጭማሪው ለገዢው እንደ መዋጮ ይቆጠርለታል። ከሁሉ በላይ የጠየቁን ግን በየወሩ በሰዓቱ መክፈላችንን የሚያሳይ ማስረጃ ነበር። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንዲሉ፣ እኛ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ የከፈልነው በቼክ ነበርና የባንክ መዝገባችን ተናገረልን። ሻጩ ቤቱ ድረስ መጥቶ ጥሬ ገንዘብ ሲቀበለው የኖረ፣ ደረሰኝም ያልያዘ ወገን ከዚህ በር ላይ ሲመለስ አይቻለሁ፤ ክፍያው እውነት ሆኖ ሳለ የሚመሰክርለት አጣ።

ገንዘቡ ሲሟላ ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። የታይትል ካምፓኒው ሁለታችንንም ወገን መረመረ። ሻጩ በቤቱ ላይ የቆየ የባንክ ዕዳ ካለበት ያ ዕዳ ከምንከፍለው ገንዘብ ቀድሞ ተከፍሎ ማጥፊያው መመዝገብ አለበት፤ በ1982 የወጣው የፌዴራል ሕግም ባንኮች ቤቱ ሲሸጥ ዕዳው በሙሉ እንዲከፈል የሚያስገድደውን የውል አንቀጽ እንዲያስፈጽሙ ስለሚፈቅድ፣ ሞርጌጅ ያለበትን ቤት በኮንትራት የሸጠ ሰው ባንኩ ባወቀ ቀን ገዢውንም ጭምር ችግር ላይ ሊጥል ይችላል። በሻጩ ስም የተፈረደ የገንዘብ ፍርድ ወይም የግብር ዕዳ መኖሩም ይጣራል። እኛን ከዚህ የጠበቀን ውላችን በካውንቲው መዝገብ መግባቱ ነው፤ የሚኒሶታ ሕግ ውሉ በአራት ወር ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ከተመዘገበ በኋላ በሻጩ ላይ የሚመጣ ዕዳ የእኛን መብት ቀድሞ አይቆምም። ውሉን መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ይህን ጽሑፍ ማንበቡን አቋርጦ ቢያስመዘግበው ደስ ይለኛል።

የመዝጊያው ሒሳብ በጽሑፍ ይጠየቃል፤ ቀሪው ዋና ዕዳ፣ እስከዚያ ቀን ያለው ወለድና ከቀኑ ካለፈ በየዕለቱ የሚጨመረው መጠን ተለይቶ መጻፍ አለበት። በምሳሌው የዕለቱ ወለድ ከ42 ዶላር በላይ ስለሆነ የአንድ ሳምንት መዘግየት ሒሳቡን ያጎድላል፤ የጎደለ ሒሳብ ደግሞ ዲድ አያስገኝም። ገንዘቡ በታይትል ካምፓኒው እጅ ሲገባ ሻጩ ዋራንቲ ዲድ የሚባለውን፣ ለባለቤትነቱ ዋስ የሚሆኑበትን ሰነድ፣ ፈርመው በዚያው ያስረክባሉ፤ ዲዱ የሻጩን የጋብቻ ሁኔታ መግለጽ አለበት፤ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛውም ይፈርማል። በካውንቲው ሲመዘገብ የዲድ ግብር ይከፈላል፤ በሚኒሶታ ከዋጋው 0.33 በመቶ ሲሆን በሄነፒንና በራምሲ ካውንቲዎች 0.34 በመቶ ነው፤ ለ240,000 ዶላር ቤት በራምሲ 816 ዶላር ይመጣል። ይህን ሻጩ ይክፈል ወይስ ገዢው የሚለው ውሉ ላይ ስለሚጻፍ አስቀድሞ ማየት ጥሩ ነው። ገንዘቡን ለሻጩ በቀጥታ ልኮ ዲዱን በኋላ መጠበቅን ግን ለማንም አልመክርም፤ ሰውየው የቱንም ያህል የታመኑ ቢሆኑ።

ወለድ በሌለበት ውል ስለገቡት ወንድሞቻችን አንድ ነገር ልጨምር። በእንዲህ ዓይነቱ ውል ሻጩ ትርፉን አስቀድሞ ከዋጋው ላይ ጨምሮት ስለሚሸጥ ቀድሞ መክፈል በራሱ ከዕዳው ሳንቲም አይቀንስም። ቅናሽ የሚገኘው ሻጩ ፈቅዶ በጽሑፍ ከሰጠ ብቻ ነው፤ መጠየቁ ግን አያስነውርም፤ በአንድ ጊዜ ሙሉ ገንዘብ የሚያገኝ ሻጭ የሚያስብበት ነገር ነው። በሃይማኖቱ በኩል ያለውን የሚያውቁት የእምነቱ ሊቃውንት ናቸው። የ60 ቀኑ ነገር ግን ወለድ ላለበትም ለሌለበትም ውል እኩል ስለሚሠራ፣ ስም የማዞሩ ጉዳይ እነርሱንም ልክ እንደ እኛ ይመለከታል።

አሁንም ባለዕዳ ነን። በየወሩ የምንከፍለው መጠን ከበፊቱ ብዙ አልራቀም፤ ስለዚህ ሰዎች «ታዲያ ምን ተለወጠ?» ብለው ይጠይቁናል። ብድሩን መክፈል ቢያቅተን ባንኩ ጨረታ ሊያወጣ ግድ ነው፤ ጊዜ ይሰጠናል፤ ጨረታው ከዕዳው በላይ ካወጣ ትርፉ ይመለስልናል፤ ልንሸጠው ብንፈልግም የማንንም ፊርማ አንለምንም። ትርፍ ገንዘብ ስናገኝም ባለቤቴ ያኔ እንደምትለው ከዋናው ዕዳ ላይ እንጨምራለን፤ አሁን የምንጨምረው የራሳችን በሆነው ላይ ነውና።

ሰሞኑን በዚሁ ውል ቤት የገዛ አንድ ወንድማችን የዕቁብ ዕጣ ሊደርሰው መሆኑን ነግሮኝ፣ ገንዘቡን ለሻጩ ከፍሎ ዕዳውን ላቅልል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የባሉኑ ቀን ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል፤ ክፍያው በሰዓቱ ነው፤ ውሉ ግን አልተመዘገበም፤ የከፈለውም ግማሹን በጥሬ ገንዘብ ነው። ዕጣውን በስሙ ባንክ እንዲያስቀምጥ፣ ውሉን በዚህ ሳምንት እንዲያስመዘግብ፣ እስካሁን ለከፈለው ሁሉ ከሻጩ የተፈረመ ዝርዝር እንዲጠይቅና ከዚህ ወር ጀምሮ በቼክ ብቻ እንዲከፍል ነገርሁት። ከአንድ ዓመት በኋላ አብረን ወደ ክሬዲት ዩኒየኑ እንሄዳለን።